«ባይራ» የሚለውን «ባሪያ» ብለው ላነበቡልን ጓድ ሊቀመንበር

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥቅምት 1974 ዓ.ም

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምፈራዎት ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ አበጋዝ፤

ዛሬ እንኳ ይመኑኝ ጓድ ሊቀመንበር። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ ልልዎ ነበር፣ እንደማይወዱት ስለማውቅ በሚወዱት ነገር ሁሉ ይዤዎታለሁ፣ ቁጣውን ለነገ ያቆዩልኝና ዛሬን ብቻ ይመኑኝ፣ ፀሐይዋ እየሄደችብኝ ነው።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ያ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሸቻ ዳገቱን ሲወጡ የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ግን ባለፈው ስብሰባ «በዚህ ቀበሌ ደህና ያልሆነ ሰው የለም» ብለው ስለተናገሩ፣ ንግግርዎን እንዳላበላሽብዎ ፈርቼ ደህና ነኝ ብዬ ጽፌልዎታለሁ። ደህና ነኝ።

እኔ አስቴር ኦይታ ነኝ፣ ሲቀላ ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ የማጥበው። በስሜ ካላወቁኝ በቅጽል ስሜ ያውቁኛል፤ ጫሞ ሐይቅ ዳር የተለጠፈውን ማስታወቂያ «ታዟል» የሚለውን «አዞ» ብዬ ጮክ ብዬ አንብቤ ዓሣ ገዢውን ሁሉ ዘንቢሉን ያስጣልኩት እኔ ነኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከተማው «አስቴር አዞ» ይለኛል። እርስዎም በቀደም በርዎ ላይ ቆሜ ስለምንዎት «ደግሞ ዛሬ ምን አየሽ፣ ጉማሬ?» ብለው ዘበኛውን አሳቁት። ጥሩ ቀልድ ነበር። እኔም ስቄያለሁ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ እየሳቅኩ ነው የተመለስኩት።

ዛሬ ጠዋትም መጥቼ ነበር። ዘበኛው «ጓድ ሸቻ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጉዳይሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አለኝ፣ እሺ፣ ይኸው በጽሑፍ። አንዱን ለሱ እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበውና ወደ ሸቻ የሚወጣ ሰው ካለ እንዲነግርልኝ ነው እንጂ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ሰው እርስዎን ሲያሳጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ያንብቡልኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። አባቴ ኦይታ ዳልጮ ግንበኛ ነበር፣ የዚህን ሆቴል የጓሮ አጥር የሠራው እሱ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ ግማሽ ጎኑ ሞተበት፣ ምላሱም ተሳሰረ፤ ከዚያ ወዲህ በሆቴሉ ጓሮ ባለችው ክፍላችን ተኝቶ ፊቱን ወደ ትውልድ ተራራው ወደ ኦቾሎ በኩል ያዞራል፣ እኔ ወደ እኔ አዞረዋለሁ፣ እሱ ተመልሶ ያዞራል። አገሩ ሄዶ መሞት እንደሚፈልግ ገባኝ። ኦቾሎ ላይ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይቀበርም፣ ማን ከማን ጎን እንደሚያርፍ ሥርዓት አለው፤ አያቴ ዳልጮ በጃንሆይ ጊዜ ሲሞት ይህንኑ ተናዞ በወረቀት አስጽፎ ነበር፣ ወረቀቱም አባቴ ሳጥን ውስጥ ነበር። የጻፈው ሽበሺ የሚባል፣ ከሰሜን ከአገረ ገዢው ጋር የመጣ ጸሐፊ ነው። እኔ ላነበው ብሞክር እምቢ አለኝ። የኔ ፊደል የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፣ ሰሌዳ ላይ ተራርቆ ቀጥ ብሎ የሚቆም፤ የጸሐፊ ሽበሺ ፊደል ግን ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ እጥፋቱንም ምስጥ በልቶታል። አባቴ እንዳያነብልኝ ምላስ የለውም። የማውቀው የተማረ ሰው እርስዎ ነዎት፣ ይዤልዎ መጣሁ።

የማመሰግንዎት ነገር ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብኝ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ ለንባብዎ አመሰግናለሁ። አንዲት ነገር ሳይቸግርዎ፣ ቆመው፣ ሻይዎን እየጠጡ፣ የሞተ ሰው የተናዘዘውን ሻይዎ ሳይበርድ ነው አንብበው የጨረሱት። «ቤቴና የእንሰቱ ጓሮ ለባሪያዬ ለኦይታ ይሁን፤ እኔን እሱ ይቅበረኝ፣ እሱም በሞተ ጊዜ ከጎኔ ይቀበር፤ ባሪያ ላልሆነው ልጄ ለገነነ ከብቶቹና ከተራራው ግርጌ ያለው መሬት ይሁን» ብለው አነበቡልኝ። ኧረ ጓድ፣ ኦይታ እኮ አባቴ ነው፣ የዳልጮ ልጅ ነው ብልዎ፣ «ልጄ፣ ፊውዳል ልጁንና ባሪያውን ለይቶ ያውቃል፣ አንዱን ባሪያ፣ አንዱን ባሪያ ያልሆነ ብሎልሻል፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። እና ሰው ቤቱንና መቃብሩን ለባሪያ ሰጥቶ ለልጁ ከብት ይሰጣል ወይ ብልዎ ደግሞ «ሊሞት ሲል ህሊናው ወቀሰው» አሉኝ። አያቴን ሳያዩት ህሊናውን ማወቅዎ ገረመኝ። ቃሉም ወረቀቱ ላይ «ባሪያ» እንደማይመስል በጣትዎ አሳይተውኝ ነበር እኮ፣ «እንቅልፍ ይዞት ፊደሉን አዟዟረው» ብለው በእርሳስዎ ከላዩ አረሙለት። ጸሐፊ ሽበሺ በሕይወት ኖሮ ስህተቱ ሲታረም ቢያይ ምን ያህል ደስ ባለው።

ይህን ሲነግሩኝ እኔም አመንኩዎ። የተማሩ ነዎት፣ መነጽር አለዎት። ቤት ገብቼ አባቴን ሳጎርሰው ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ሁለተኛ፣ ለበዓሉ አመሰግናለሁ። የጎረቤት ቀበሌ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሦስት ጭሰኛ አሰልፎ ሊያስጨበጭብ ነው ሲባል፣ እኛ ጋ ጭቁን ሞልቶ ባሪያ የነበረ ሰው ግን እንዳልነበረን፣ እርስዎም በዚህ እንቅልፍ እንዳጡ ሰምቻለሁ። የኔ ወረቀት በዚያ ሳምንት መምጣቷ ለእርስዎ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባኛል። አባቴን በወንበር አሸክመው አዳራሽ አስገቡት፣ ያ አዳራሽ ሳይወረስ በፊት ጸሎት ቤታችን ነበር፣ አባቴ ራሱ ነው ግድግዳውን የገነባው፣ እና ካቆመው ግድግዳ ስር አስቀምጠው ደረቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ሰክተው «ከባርነት ወደ ነፃነት» የሚል ወረቀት አስያዙት። አባቴም ባልሞተው እጁ ወንበሩን ይዞ «ባ… ባ…» አለ። ላቡ እየወረደ «ባ… ባ…» አለ። እርስዎ ድምፅ ማጉያውን አፉ ድረስ ወስደው «ስሙት ጓዶች! ቁስሉ ዛሬም አልሻረም፣ ባሪያ ይሉኝ ነበር እያለ ነው!» አሉ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ግራና ቀኝ የቆሙት እጄን እያዩ ነበር።

ሦስተኛ፣ ጸጥታ ስለሰጡን። ከበዓሉ ወዲህ ቤታችን ሰው አይመጣም። ኦቾሎ ሩቅ ነው፣ ዳገቱ ጉልበት ይሰብራል፣ ወሬ ግን ጉልበት የለውም መሰለኝ ሳያርፍ ነው የወጣው፤ የመንግሥት ወረቀት ዳልጮ የወለደው ገነነን ብቻ ነው አለ ተባለ፣ በቃ፣ ቆጮ ይዛልን የምትወርደው አክስቴ ቀረች፣ ገበያ ላይ ያየችኝ ዕለትም ሽንኩርት መምረጥ ጀመረች፣ ሽንኩርት የማትገዛ ሴትዮ። አብረን እንዘምር የነበርነው ደግሞ ጸሎት ቤቱ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ ሁለት ሆነን መታየት እንፈራለን፣ በዚህ አልወቅሳቸውም፣ እኔም እፈራለሁ። የከተማው ሰው አባቴን የቀበሌ ንብረት ነው ብሎ አይጠጋውም። እና እኔና እሱ ብቻ ነን። ጎኑ እንዳይቆስል ሳገላብጠው የሚያግዘኝ ስለሌለ አንሶላ በወገቡ አዙሬ ጫፉን መስኮቱ ብረት ላይ አስሬ ነው የምጎትተው። አንዳንድ ቀን ሰው ሳላናግር ይመሻል፣ አንሶላዎቹን አናግራለሁ፣ እናንተ ምን አለባችሁ እላቸዋለሁ።

አራተኛውን እንኳ ምስጋና ልበለው ወይ አላውቅም፣ ብቻ ይስሙኝ፣ ዋናው ይሄ ነው።

ሥራ ፈትቼ ያንን ወረቀት ከአባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ መልሼ መልሼ ማየት ጀመርኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ፣ ማን አለኝ። እርስዎ በእርሳስ የጻፉትን በዳቦ ፍርፋሪ አጠፋሁት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጀመሪያ የማውቃቸውን ፊደሎች ያዝኩ። የአባቴን ስም አውቀዋለሁ፣ ኦ፣ ይ፣ ታ፣ በጸሐፊ ሽበሺ እጅ መሀሉ ላይ ያለችው «ይ» አንገቷን ትሰብራለች። «ይሁን» ላይም አንገቷን ትሰብራለች፣ «ይቀበር» ላይም። ከአባቴ ስም ፊት ባለው ቃል መሀልም ያችው አንገቷን የሰበረች «ይ» ናት ያለችው። ቀጥሎ ያለውን «ተራራው» ከሚለው ጋር አስተያየሁት፣ «ራ» ነው፣ ሁለቴ «ራ» ስላለው ደህና አድርጎ ይታያል። ታዲያ ባ፣ ይ፣ ራ። ባይራ። በአማርኛ እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም፣ እውነትም እንቅልፍ ይዞት ነው ብዬ ልተወው ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ነው፣ ወረቀት በኛ ቋንቋ መናገር ይችላል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቀስ ብዬ፣ እንደ ተማሪ፣ ባ… ይ… ራ። ጓድ ሊቀመንበር፣ አባቴ ባልሞተው እጁ እጄን ያዘኝ። አንዴ ያዘኝና አልለቅም አለ። «ባ… ባ…» አለ፣ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ያኔ ነው ጆሮዬ የተከፈተው። በጋሞኛ ባይራ የበኩር ልጅ ነው። በኩር ማለት ቀድሞ መወለድ ብቻ አይደለም፣ አባቱ ሲሞት ባይራው ነው የሚቀብረው፣ ቤቱን የሚይዘው፣ ሲሞትም ከአባቱ ጎን የሚተኛው። አያቴ በጋሞኛ ሲናዘዝ ጸሐፊ ሽበሺ ለዚህ የሚሆን አማርኛ አላገኘለትም መሰለኝ፣ እንደሰማው ጻፈው። እንቅልፍ አልያዘውም፣ የነቃ ሰው ነበር። «ለባይራዬ ለኦይታ» ነው የሚለው። «ባይራ ላልሆነው ልጄ ለገነነ» ነው የሚለው። አባቴም በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል፣ እኔ የበኩር ልጅ ነኝ እያለ ነበር።

እርስዎ ራስዎ አይደሉ ከመሠረተ ትምህርት ያስመረቁኝ? የምስክር ወረቀቱን ሲሰጡኝ «ከእንግዲህ ማንም ወረቀት አንብቦ አያታልልሽም» አሉኝ። ቃልዎን ስላከበሩልኝ ነው እንዲህ የደፈርኩት።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ፣ ጊዜ የለም። አባቴ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አይወርድለትም። ልኬባቸው ስለነበር ዛሬ ረፋድ ላይ የኦቾሎ ሽማግሌዎች ወረዱ፣ የአጎቴ የገነነ ልጅ ታምሩ ቃሬዛ ተሸክሞ አብሯቸው መጣ። ሆቴሉ ጓሮ ማንጎው ስር ተቀምጠዋል፣ ክፍላችን ግን አልገቡም። ወረቀቱን አንብቤ ነገርኳቸው። ቢያምኑኝ ደስ እንደሚላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ፣ ግን የአባቴን መወለድ ያየ ሰው በሕይወት የለም፣ እኔ ደግሞ የራሱ ልጅ ነኝ፣ ከዚያም በላይ አዞ ነኝ። የማይገባውን ሰው ከዳልጮ ጎን ቢያስተኙ ጎሜ ነው ይላሉ፣ ነውር ሲጣስ በአገር ላይ የሚወርድ መዓት ማለታቸው ነው፣ ዝናብ ይቀራል፣ ልጅ ይታመማል። እኛ አማኞች ጎሜ አንፈራም፣ እነሱ ግን ይፈራሉ፣ የሚፈራ ሰው ላይ መፍረድ አልችልም። ታምሩ ለብቻዬ ወስዶ «አስቴር፣ እኔ አጎቴን ጠልቼ መሰለሽ? ጠልቼ ቃሬዛ እሸከማለሁ?» አለኝ። ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፣ «ልጄ፣ ቃሉን ሕዝብ ፊት ያወጣው አፍ አለ፣ ያው አፍ ይመልሰው፣ ያኔ ተሸክመነው እንወጣለን።»

ያ አፍ የእርስዎ ነው።

እንዲመጡልን አልጠይቅም፣ ስብሰባዎ ይበልጣል። እዚህ ስልክ አለ። የሆቴሉ ገንዘብ ያዥ እትዬ ሮማነወርቅ ስልኩን በመስኮት አውጥተው ለሽማግሌዎቹ አሳዩአቸው፣ ትልቁም «በዚህ መዋሸት ይቻላል?» ብለው ጠየቁ፣ እትዬ ሮማነወርቅ «ይቻላል አባቴ፣ ግን ያስከፍላል» ቢሏቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና ይሁን አሉ፣ በስልክ እንሰማዋለን አሉ። እርስዎ ለቴሌዋ ልጅ የሲቀላውን ሆቴል ስጪኝ ይበሏት፣ እትዬ ሮማነወርቅ ማንንም አያስነኩም፣ መስመሩ ለእርስዎ ክፍት ነው። ብዙ ንግግር አያስፈልግም፣ ንግግር እንደሚወዱ አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ አንዲት ቃል ብቻ ትበቃለች። «ወረቀቱ ላይ ያለው ባይራ ነው፣ ያነበብኩት እኔ ተሳስቼ ነው» ይበሉ። ተሳስቼ የሚለው ካስቸገረዎ እሱን ይተዉት። ብርሃኑ መጥፎ ነበር ይበሉ። አስቴር ወረቀቱን ገልብጣ ሰጠችኝ ይበሉ፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ ስም እንደሆነ አንዴ ጠፍቷል።

ዳገቱ በጨለማ አይወጣም፣ ሽማግሌዎች ናቸው። ፀሐይ ስትገባ ይነሳሉ። ወይ አባቴን ይዘው፣ ወይ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው። ባዶውን ከያዙ አባቴ እዚሁ ይሞታል፣ ከከተማው ዳር እርስዎ ባንዲራና ጥብጣብ አምጥተው እኔና እርስዎ ብቻ እንቀብረዋለን፣ መቼም እርስዎ አይቀሩም፣ ንግግር ይኖራል። እሱ ግን በክፍሉ ቀዳዳ ማንጎው ስር የተቀመጡትን ያያል። ወገኖቹ እንደሆኑ ያውቃል። ለምን እንደማይገቡ አልነገርኩትም፣ ጫማቸውን እያወለቁ ነው አልኩት።

እንግዲህ ለጤናዎ፣ ለመነጽርዎና ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ፊርማ ማንበብ የተፈቀደልኝ፣ በእርስዎ ንባብ ዘመድ የቀነሰልኝ፣ በእርስዎ ዘበኛ ጉዳዬን በጽሑፍ ማቅረብ የተማርኩ፣ ሁልጊዜ ከበርዎ ውጭ የምገኝ፣

አስቴር ኦይታ ዳልጮ
የባይራው ልጅ

ማስታወሻ፤ ለአውራጃ በላኩት ሪፖርት ላይ «ከባርነት ነፃ የወጣ፦ አንድ» ተብሎ ስለተጻፈ አባቴን ሲመልሱ አንድ ሰው ይጎድልብኛል ብለው ከሰጉ፣ እኔን በሱ ቦታ ይጻፉኝ። ዕድሜዬ ትንሽ ነው፣ ብዙ በዓል ላይ ልደርስልዎ እችላለሁ፣ ምላሴም ስላልታሰረ ቃሉን እስከ መጨረሻው እልልዎታለሁ፣ ማጉያ ሳያስፈልግ። ብቻ ስልኩ ስር ተቀምጫለሁ፣ ታምሩ የቃሬዛውን ገመድ ማጥበቅ ጀምሯል፣ ለየትኛው እንደሚያጠብቀው መጠየቅ ፈርቻለሁ፣ እባክዎ ጓድ፣ ሳይመሽ ይደውሉልኝ።